ስለ ሴል ቲዎሪ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሴል ቲዎሪ የሚመጡ ጥያቄዎች በአብዛኛው ይመሳሰላሉ። ነገ ፈተና ያለበት ይጠይቃል፣ ቫይረስ ሕይወት አለው የለውም ብሎ ሲከራከር ያመሸም ይጠይቃል። መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ሴል ስልም ህዋስ ስልም አንድ ነገር ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴል ቲዎሪ በአጭሩ ምን ይላል?

ሦስት ነገር። አንደኛ፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከሴል የተሠራ ነው፤ አንድ ሴል ብቻም ይሁን ብዙ ትሪሊዮን። ሁለተኛ፣ ሴል የሕይወት መሠረታዊ አሃድ ነው። በውስጡ ያሉትን ክፍሎች አንድ በአንድ ብታወጧቸው የትኛውም ለብቻው ሆኖ አይመገብም፣ አያድግም፣ አይራባም። ሦስተኛ፣ ሴል የሚገኘው ቀድሞ ከነበረ ሴል ብቻ ነው።

በቃ፣ ይኸው ነው። ለመሸምደድ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እዚህ ለመድረስ ግን ከ1665 እስከ 1855 ድረስ 190 ዓመት ወስዷል። ደግሞ ሦስቱ አንድ ላይ የመጡ እንዳይመስላችሁ። ብዙ መማሪያ መጽሐፍ «ሽላይደን እና ሽዋን በ1838 እና በ1839 ሴል ቲዎሪን አቀረቡ» ይልና ሦስቱንም ነጥብ ይደረድራል። ሁለቱ ሰዎች ግን ሦስተኛውን ነጥብ አላሉትም። እንዲያውም ያሉት ተቃራኒውን ነው። ታች ላይ በሰፊው እመጣበታለሁ።

ሴልን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ማን ነው?

ሮበርት ሁክ የሚባል እንግሊዛዊ። ለንደን ውስጥ ሮያል ሶሳይቲ በሚባለው የሳይንስ ሊቃውንት ማኅበር የሙከራ ኃላፊ ነበር፤ ሥራው ለአባላቱ ስብሰባ በየጊዜው አዳዲስ ሙከራ አዘጋጅቶ ማሳየት ነው። በ1665 «ማይክሮግራፊያ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በማይክሮስኮፕ ያያቸውን ነገሮች በትልልቅ ሥዕል ያሳየበት ነው። የቁንጫው ሥዕል ዛሬም ያስደነግጣል።

ከቡሽ ላይ በጣም በተሳለ ቢላ ስስ ልጣጭ አነሳ። ነጣ ያለ ስለሆነ እንዲታየው ጥቁር ነገር ላይ አስቀመጠውና ብርሃን አበራበት። የታየው በግድግዳ የተከፋፈሉ ጥቃቅን ባዶ ክፍሎች ነበሩ። ሴል አላቸው። ከዚያ ቁጭ ብሎ ማስላት ጀመረ። በአንድ ኢንች ርዝመት ውስጥ ከ1,000 በላይ ክፍሎች ተደርድረው አገኘ፣ አባዛውና በአንድ ኪዩቢክ ኢንች ቡሽ ውስጥ 1,259,712,000 ሴሎች አሉ ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ግን ያየው የሞተ ነገር ነው። ቡሽ የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ሴሎቹ ሞተው ግድግዳቸው ብቻ ቀርቷል። በሕይወት ያሉ ተክሎችንም አይቶ ክፍሎቹ ፈሳሽ እንደያዙ ጽፏል። ይሁን እንጂ «ሕይወት ያለው ሁሉ ከዚህ ነው የተሠራው» የሚል ሐሳብ አላቀረበም። ስለዚህ ሁክ ሴልን አየ፣ ስም አወጣለት ማለት ይቻላል። ቲዎሪውን ጀመረ ማለት ግን ማጋነን ነው።

ሊዌንሁክስ የት ይገባል?

አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ በሆላንድ፣ ዴልፍት ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፣ ምሁራኑ የሚጻጻፉበትን ላቲን አያውቅም። ሌንስ ግን በገዛ እጁ ይሠራል፣ ያውም በዘመኑ የሚስተካከለው የሌለ። የሁክ ማይክሮስኮፕ ከአንድ በላይ ሌንስ የተደረደረበት ነው። የሊዌንሁክ ግን አንዲት ትንሽዬ ሌንስ በብረት ሳህን መሐል የተሰካችበት ነገር ናት፤ ዓይን ላይ አስጠግተው ነው የሚያዩባት። እስከ ዛሬ ከተረፉት አንዷ ወደ 270 እጥፍ ገደማ ታጎላለች።

በ1674 የሐይቅ ውሃ ሲያይ በውስጡ የሚርመሰመሱ ፍጥረታት አገኘ። በ1676 ለሮያል ሶሳይቲ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ለንደን ያሉት ሰዎች ማመን ከበዳቸው። በ1677 ያው ሁክ ሙከራውን ራሱ ደግሞ በአባላቱ ፊት ሲያሳይ ነው ነገሩ ያለቀለት። በ1683 ደግሞ ሊዌንሁክ ከጥርሱ ላይ የፋቀውን ነጭ ነገር አይቶ ዛሬ ባክቴሪያ የምንላቸውን ገለጸ።

አንድ ሴል ብቻ ሆነው የሚኖሩ ፍጥረታትን አየ ማለት ነው። ነገር ግን እነዚህን ሕያው ነጠብጣቦች ከቡሹ ባዶ ክፍሎች ጋር ማን ያገናኛቸው? ማንም። ሁክም ሙከራውን የደገመው እሱ ራሱ ሆኖ፣ ሁለቱንም በዓይኑ አይቶ፣ አላገናኛቸውም።

ከሁክ በኋላ 170 ዓመት ገደማ ምን ይጠብቁ ነበር?

ዋናው ጣጣ ሌንስ ነው። መስታወት ብርሃንን ሲሰብር እያንዳንዱን ቀለም በተለያየ መጠን ነው የሚያጥፈው፤ ስለዚህ የምታዩት ነገር ዙሪያው በቀለም ጥላ ይከበባል። ሌንስ በጨመራችሁ ቁጥር ብዥታው ይብሳል። በአንድ ሌንስ እንደ ሊዌንሁክ ለማየት ደግሞ የእሱ ዓይን፣ የእሱ እጅ እና የእሱ ትዕግሥት ያስፈልጋል። አሠራሩንም ለሰው አልገለጠም። በ1830 ጆሴፍ ጃክሰን ሊስተር የተባለ የወይን ጠጅ ነጋዴ የሌንሶቹን ርቀት በስሌት እያስተካከለ ይህን ብዥታ እንዴት መቀነስ እንደሚቻል አሳተመ። ልጁ ጆሴፍ ሊስተር በኋላ ቀዶ ሕክምናን ከጀርም ያጸዳው ታዋቂ ሐኪም ነው። በሴል ታሪክ ውስጥ ግን እኔ አባትየውን ነው የማስቀድመው፤ ስሙን የሚያነሳው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ሌላው ችግር እንስሳት ናቸው። የተክል ሴል ወፍራም ግድግዳ ስላለው በደካማ ማይክሮስኮፕም ይለያል። የእንስሳ ሴል ግድግዳ የለውም፣ ብርሃን ያሳልፋል፣ ቅርጹም እንደ ቦታው ይለያያል። በዚያን ጊዜ የነበሩ ሊቃውንት ብዙዎቹ የሰውነት መሠረት ቀጭን ክር ነው ብለው ያምኑ ነበር። ጡንቻና ጅማት ላይ ሲያዩ ክር ነው የሚታያቸው፣ ታዲያ ለምን አያምኑ?

ሁለቱን ዓለም ያገናኘው ምልክት ኒውክለስ ሆነ። በ1831 ሮበርት ብራውን የኦርኪድ አበባ ሴሎችን ሲመረምር በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ክብ ነገር በተደጋጋሚ እንዳለ አስተዋለና ስም አወጣለት። ሌሎችም ከእሱ በፊት አይተውት ነበር። እሱ ግን የሴል መደበኛ አካል መሆኑን ልብ አለ።

ሽላይደን እና ሽዋን በትክክል ያደረጉት ምንድን ነው?

ማቲያስ ሽላይደን ሕግ ተምሮ ጠበቃ የሆነ፣ በኋላ ሁሉንም ትቶ ወደ ዕፅዋት ጥናት የዞረ ጀርመናዊ ነው። በ1838 ተክል ሁሉ ከሴሎች የተሠራ ነው፣ የሚያድገውም በሴሎች ነው ብሎ ጻፈ። ቴዎዶር ሽዋን ደግሞ በርሊን ውስጥ በዮሐንስ ሙለር ላቦራቶሪ የሚሠራ የእንስሳት ተመራማሪ ነበር።

ሽዋን ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ አንድ ቀን አብረው ራት እየበሉ ሽላይደን በተክል ሴል ውስጥ ኒውክለስ ያለውን ቦታ ይነግረዋል። ሽዋን ክው አለ። ተመሳሳይ ነገር በእንስሳት ፅንስ ላይ፣ የጀርባ አጥንት በሚሠራበት ዘንግ ሴሎች ውስጥ አይቷል። ተያይዘው ወደ ላቦራቶሪው ሄዱ፣ ሽላይደንም አየና «አዎ፣ ያው ነው» አለ። ከዚያ ሽዋን ኒውክለስን እንደ ምልክት ይዞ በየሕብረ ህዋሱ ማሰስ ጀመረ። ለስላሳ አጥንት፣ ላባ፣ ጥፍር፣ ጥርስ፣ ጡንቻ፣ ነርቭ። በ1839 ባሳተመው መጽሐፍ ተክልም እንስሳም በአንድ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው አለ።

ለዛሬ ሰው ይሄ ምንም ላይመስል ይችላል። ግን አስቡት፤ ዛፍ እና ዓሣ ምን ያገናኛቸዋል ቢባል ከዚያ በፊት የሚጨበጥ መልስ አልነበረም።

የተሳሳቱትስ ምን ላይ ነው?

አዲስ ሴል ከየት ይመጣል የሚለው ላይ።

የእነሱ መልስ፣ ሴል ከፈሳሽ ውስጥ ይረጋል የሚል ነበር። መጀመሪያ ትንሽ ፍሬ ትፈጠራለች፣ በዙሪያዋ ኒውክለስ ይገነባል፣ በኒውክለሱ ዙሪያ ደግሞ ሴል ያድጋል፤ ልክ ክሪስታል ከጨው ውሃ ውስጥ እንደሚወጣው። ሽላይደን ይህ የሚሆነው በነባር ሴል ውስጥ ነው ሲል፣ ሽዋን በሴሎች መካከል ባለ ፈሳሽ ውስጥም ይሆናል አለ።

ሞኝነት አልነበረም። በዚያ ዘመን ብዙ ሊቃውንት ሕይወትን ሲያስረዱ ልዩ «የሕይወት ኃይል» አለ ይሉ ነበር። ሽዋን ይህን ማስወገድ ፈለገ። ሴል እንደ ክሪስታል ከተፈጠረ ሕይወት በፊዚክስና በኬሚስትሪ ይገለጻል ማለት ነው። ዓላማው ጥሩ፣ መንገዱ ስህተት።

አስገራሚው ነገር ግን ሌላ ነው። ይኸው ሽዋን በ1837 ሕይወት ከሕይወት አልባ ነገር በራሱ ይፈጠራል የሚለውን እምነት የሚቃወም ሙከራ ሠርቶ ነበር። የስጋ መረቅ አፍልቶ የሚገባለትን አየር በእሳት አሙቆ ሲያሳልፈው መረቁ አልበሰበሰም። ያም ሆኖ በሰውነት ውስጥ ሴል ከፈሳሽ ይፈጠራል ብሎ ጻፈ። ሁለቱ አቋሞች በአንድ ጭንቅላት ውስጥ ተስማምተው ኖረዋል።

ታዲያ ሦስተኛውን መርህ ማን አመጣው?

መጽሐፉ «ሩዶልፍ ቪርሾ፣ 1855» ይላል። ለፈተና ይሄው ይበቃል። እውነተኛው ታሪክ ግን ሰፋ ያለ ነው።

በ1832 ቤልጂየማዊው ዱሞርቲየ አልጌ ሴል ለሁለት ሲከፈል አይቶ ጽፏል፤ ማለትም ሽላይደን ከመጻፉ ከስድስት ዓመት በፊት። ጀርመናዊው ሁጎ ፎን ሞልም በ1835 በተክሎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ገልጿል። ስለዚህ መረጃው ነበረ፣ የሁሉም ሴል ሕግ መሆኑ ነው ያልታየው።

ትልቁን ሥራ የሠራው ሮበርት ሬማክ ነው። ፖዘን ከተማ የተወለደ፣ በርሊን የሚሠራ አይሁዳዊ ሐኪም። ከ1840ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጫጩት ፅንስ ደም ሴሎች ሲከፈሉ ተከታተለ፣ ከዚያም ወደ ሌሎች የፅንስ ክፍሎች ሄደ። በ1852 ሴል የሚመጣው ከሴል መከፈል ብቻ ነው፣ ከፈሳሽ መርጋት የሚባል ነገር የለም ብሎ አሳተመ። ሬማክ ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ በዚያ ዘመን ፕሩሺያ ውስጥ ይህ ማለት ሙሉ ፕሮፌሰርነት አታገኝም ማለት ነበር። አላገኘምም።

ቪርሾ መጀመሪያ በፈሳሹ ሐሳብ ያምን ነበር። በኋላ ሐሳቡን ቀየረና በ1855 «ኦምኒስ ሴሉላ ኤ ሴሉላ» የሚለውን የላቲን ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ ሴል ሁሉ ከሴል ነው ማለት ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ፈረንሳዊው ፍራንሷ ቫንሳን ራስፓይ በ1825 ተጠቅሟት ነበር። ቪርሾ የሬማክን ድርሻ ተገቢውን ያህል አልጠቀሰም፣ ክብሩም ለእሱ ሄደ። እኔ በበኩሌ ሦስተኛውን መርህ የሬማክ ብዬ ነው የምጠራው።

ቪርሾንም ግን አናሳንሰው። በ1858 ባሳተመው መጽሐፍ በሽታን ወደ ሴል አወረደው። ሕመም ማለት በሰውነት ውስጥ ያሉ ፈሳሾች መዛባት ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚያን ጊዜ ገና ጠንካራ ነበር። እሱ ሲያስረዳ፣ የሚታመመው ሴል ነው፤ ዕጢም ከየትም የመጣ ባዕድ ነገር ሳይሆን ከራሱ ከሰውነት ሴል የተወለደ ነው። ዛሬ ሐኪም ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚያይበት ምክንያት ከዚያ ይጀምራል።

ፓስተርስ?

ሉዊ ፓስተር ሴል ቲዎሪ አልጻፈም። በ1859 እና በ1862 መካከል በሠራቸው ሙከራዎች ግን ሦስተኛውን መርህ ከጎን ደገፈው። አንገቱ እንደ ዝይ አንገት የተጠማዘዘ ብርጭቆ ውስጥ መረቅ አፈላ። አየር ይገባል፣ አቧራ ግን ጥምዝማዙ ላይ ይቀራል። መረቁ አልተበላሸም። አንገቱ ሲሰበር ግን ወዲያው ጀርም አፈራ። ስለዚህ ጀርሙም የመጣው ከሌላ ጀርም ነው።

ሴሎች ሲከፈሉ ውስጣቸው ምን እንደሚሆን መቼ ታወቀ?

ዋልተር ፍሌሚንግ በ1882። የሳላማንደር እጭ ሴሎችን በአዳዲስ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ነክሮ፣ በኒውክለሱ ውስጥ ያሉት ክሮች እየወፈሩ፣ ለሁለት እየተሰነጠቁ፣ ወደ ሁለት አቅጣጫ እየተሳቡ ሲሄዱ ደረጃ በደረጃ ሣላቸው። ማይቶሲስ የሚባለው ይሄ ነው። የቪርሾን አባባል ተከትሎም ኒውክለስ ሁሉ ከኒውክለስ ነው አለ። ክሮቹ ክሮሞሶም የሚለውን ስም ያገኙት በ1888 ነው።

ሴል ቲዎሪ ከባድ ፈተና ገጥሞት ያውቃል?

በደንብ። ትልቁ የነርቭ ሥርዓት ነው። አንጎል ውስጥ ክሮቹ በጣም የተወሳሰቡ ስለሆኑ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር አይለይም። ጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ በ1873 ጥቂት የነርቭ ሴሎችን ብቻ መርጦ ጥቁር የሚያደርግ የብር ቀለም ፈለሰፈ፤ የደረሰበት መደምደሚያም ነርቮች ተዋህደው አንድ ቀጣይ መረብ ይሆናሉ የሚል ነው። ይሄ እውነት ቢሆን ኖሮ ሴል ቲዎሪ በአንጎል ደጃፍ ላይ ይቆም ነበር።

ስፔናዊው ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል የጎልጂን ቀለም ወስዶ አሻሻለው፣ በ1888ም ተቃራኒውን ማሳተም ጀመረ። እያንዳንዱ ነርቭ ራሱን የቻለ ሴል ነው፤ ይነካካሉ እንጂ አይዋሃዱም። በ1906 የኖቤል ሽልማት ለሁለቱ በጋራ ተሰጠ። ጎልጂ በሽልማት ንግግሩ ላይ ቆሞ የካሃልን ሐሳብ ነቀፈ። ወይ ድፍረት! ክርክሩ የተዘጋው በ1950ዎቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በሁለት ነርቮች መካከል ያለውን ክፍተት ሲያሳይ ነው፤ ወደ 20 ናኖሜትር ገደማ የምትሆን ክፍተት።

ታዲያ በ2023 ተመራማሪዎች ኮምብ ጄሊ በሚባል የባሕር እንስሳ አንድ የነርቭ መረብ ውስጥ የነርቭ ሴሎቹ በእርግጥ ተዋህደው አገኙ። ጎልጂ ስለ እኛ አንጎል ተሳስቷል። ተፈጥሮ ግን ሐሳቡን አንድ ቦታ ላይ ተጠቅማበታለች።

ቫይረስ ሕይወት አለው ወይስ የለውም?

በሴል ቲዎሪ ሚዛን የለውም። ሴል አይደለም፣ ኃይል አያመነጭም፣ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦሶም የለውም። ሴል ውስጥ ካልገባ ዝም ብሎ የተቀመጠ ኬሚካል ነው፤ በ1935 ዌንዴል ስታንሊ የትምባሆ ቫይረስን እንደ ጨው ክሪስታል አድርጎ አውጥቶታል፣ ክሪስታሉም ተክል መበከል አልተወም።

ሆኖም ድንበሩ የጠራ አይደለም። ቫይረስ ዝርያ አለው፣ ይለወጣል፣ በተፈጥሮ ምርጫ ውስጥ ያልፋል። ሚሚቫይረስ የተባለው በ1992 እንግሊዝ ውስጥ ሲገኝ ከትልቅነቱ የተነሳ ባክቴሪያ መስሏቸው ነበር፤ ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ2003 ነው። የጂኖሙ፣ ማለትም የሙሉ የዘር መረጃው፣ ርዝመት ከአንዳንድ ባክቴሪያዎች ይበልጣል። ያም ሆኖ ለመራባት ሴል ያስፈልገዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቫይረስ ቲዎሪውን አያፈርሰውም። ሴል የሌለው ነገር ሴል ሳይበደር መኖር አለመቻሉ ሁለተኛውን መርህ የሚያጠናክር ነው።

ለቲዎሪው የማይመቹ ሌሎች ነገሮች አሉ?

አሉ፣ ደስ የሚሉም ናቸው። የአጥንት ጡንቻ ክር ብዙ ሴሎች ተዋህደው የሚሠሩት ስለሆነ በአንዱ ውስጥ መቶዎች ኒውክለስ ይገኛሉ። የሰው ቀይ የደም ሴል ደግሞ ሲበስል ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ከዚያ በኋላ ለ120 ቀን ገደማ ይሠራል እንጂ አይከፈልም። ካውለርፓ የሚባል የባሕር አልጌ ቅጠል፣ ግንድና ሥር የሚመስል ነገር አለው፣ ሜትሮችን ይረዝማል፣ ግን በውስጡ የሚከፋፍል ግድግዳ የሌለው አንድ ሴል ነው። ባክቴሪያ ሁሉ በዓይን አይታይም ብላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ በካሪቢያን ጓድሉፕ የተገኘውና በ2022 የተገለጸው ቲዮማርጋሪታ ማግኒፊካ እስከ 2 ሳንቲሜትር ይረዝማል።

ከሁሉም የምወደው ማይቶኮንድሪያ ነው። የሴል ኃይል ማመንጫ የሆነው ይህ ክፍል የራሱ ዲኤንኤ አለው፣ ራሱን ችሎ ይከፈላል፣ አዲስ ማይቶኮንድሪያም የሚገኘው ከነባር ማይቶኮንድሪያ ብቻ ነው። ሊን ማርጉሊስ በ1967 ባሳተመችው ጽሑፍ ይህ በጥንት ዘመን ሌላ ሴል ውስጥ ገብቶ የቀረ ባክቴሪያ ነው ብላ ተከራከረች። ብዙዎች አልተቀበሏትም ነበር፤ ዛሬ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አለ።

ሴሎች ለምን ትንንሽ ሆኑ?

ስሌት ነው። ሴል ምግብና ኦክስጅን የሚያስገባው በውጭ ገጽታው ነው፣ የሚፈጀው ግን በይዘቱ ልክ ነው። የአንድን ኩብ ጎን እጥፍ ብታደርጉት ገጽታው 4 እጥፍ ይሆናል፣ ይዘቱ ግን 8 እጥፍ። እያደገ ሲሄድ በሩ ለቤቱ አይበቃም። አብዛኛው የእንስሳ ሴል ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚሆነው በዚህ ነው። ማምለጫም አለ፤ ረጅምና ቀጭን መሆን። ከአከርካሪ ተነስቶ እግር ጫፍ የሚደርስ ነርቭ ወደ አንድ ሜትር ይረዝማል።

ሰው ስንት ሴል አለው?

በ2016 የወጣ ጥናት 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 30 ትሪሊዮን ይላል፤ ከዚህ ውስጥ 84 በመቶ ገደማው ቀይ የደም ሴል ነው። በሰውነታችን ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ደግሞ 38 ትሪሊዮን አካባቢ። «ባክቴሪያው ከእኛ ሴል 10 እጥፍ ይበልጣል» የሚለውን ቁጥር አሁንም በየቦታው ታዩታላችሁ። ተዉት፣ የቆየ ግምት ነው።

«ዘመናዊ ሴል ቲዎሪ» ሲባል ምን ተጨምሮ ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጨመራል፦ የዘር መረጃ በዲኤንኤ ተይዞ ከሴል ወደ ሴል ይተላለፋል፣ የኃይል ልውውጥ የሚካሄደው በሴል ውስጥ ነው፣ ሴሎች ሁሉ በኬሚካል አሠራራቸው ይቀራረባሉ። አንዳንዱ ዝርዝር ከዚህም ይረዝማል። መምህራችሁ የሰጣችሁን ያዙ፤ ልዩነቱ የአቆራረጥ ነው።

ሴል ሁሉ ከሴል ከሆነ የመጀመሪያው ከየት መጣ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ቲዎሪውም አይመልሰውም። ሦስተኛው መርህ የሚናገረው ዛሬ በምድር ላይ ስላለው ሁኔታ ነው። ከ3.4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ዓለቶች ላይ የጥንት ማይክሮቦች አሻራ አለ፤ ከዚያ በፊት የነበረው የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። ስታንሊ ሚለር በ1953 ቀላል ጋዞችን በኤሌክትሪክ ብልጭታ መትቶ አሚኖ አሲድ አግኝቷል። ከአሚኖ አሲድ እስከ ሴል ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው።

በ2010 የክሬግ ቬንተር ተቋም በላቦራቶሪ የተሠራ ሙሉ ጂኖም፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ የዲኤንኤ ፊደላት ያሉት፣ ባክቴሪያ ውስጥ አስገብቶ እንዲራባ አድርጓል። ዜናው «ሰው ሠራሽ ሕይወት» ብሎት ነበር። ጂኖሙ የገባው ግን ቀድሞ ወደነበረ ሴል ነው። የሬማክ ሕግ እዚያም አልተጣሰም።

ሴል በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?

ከሽንኩርት። ከውስጠኛው ገጽ ላይ እንደ ላስቲክ ስስ የሆነችውን ልጣጭ በወረንጦ አንሱ፣ መስታወት ላይ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ዘርጓት፣ የአዮዲን ጠብታ ጨምሩ። በትንሹ ማጉሊያ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ 400 እጥፍ ውጡ። የተደረደሩት ሳጥኖች ግድግዳዎቹ ናቸው፣ በውስጣቸው ያለችው ቢጫ ነጥብ ኒውክለስ ናት። መክደኛውን ስስ መስታወት ግን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ አትጣሉት፣ ከአንድ ጎን አዘንብላችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱት። አለበለዚያ አየር ይገባና ወፍራም ጥቁር ጠርዝ ያላቸው ክቦች ይሞሉታል። ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ ሴል አገኘሁ ብሎ የሚጮኸው በእነሱ ነው።